የትራምፔቱን ዋጋ ማን ከፈለ?

ዳዊት በዓዶላም ዋሻ ሳለ ውኃ አማረው። ያማረው ማንኛውም ውኃ አልነበረም፤ የልጅነት ከተማው የቤተ ልሔም ጉድጓድ ውኃ ነው። ቤተ ልሔም ግን በዚያን ጊዜ በፍልስጥኤማውያን ጭፍራ እጅ ነበረች። ታሪኩን በ2ኛ ሳሙኤል 23፥13-17 ታገኙታላችሁ። ልብ በሉ፤ ዳዊት ማንንም ሂድና አምጣልኝ አላለም። ተመኘ፣ ምኞቱንም ጮክ ብሎ ተናገረ፣ በቃ። ሦስት ሰዎች ሰሙት። ይወድዱት ስለነበር የጠላትን ሰፈር ሰንጥቀው ገቡና ውኃውን ቀድተው አመጡለት። እርሱ ግን አልጠጣውም፤ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው።

ልጅ ሆኜ ይህን ታሪክ በሰንበት ትምህርት ቤት ስሰማ በዳዊት እናደድ ነበር። ሰዎች ሕይወታቸውን ለአደጋ አሳልፈው ያመጡትን ውኃ መሬት ላይ ማፍሰስ ምን ዓይነት ምስጋና ነው? አንድ ጉንጭ እንኳ ቢቀምስላቸው ምን ነበረበት? ዛሬ አሳቤ ተለውጧል። የለወጠው ግን ስብከት ሳይሆን ትራምፔት ነው።

ያደግሁት ዳላስ አካባቢ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ሃይስኩል የተማረ ሰው ማርቺንግ ባንድ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ለሌላው አንባቢ በአጭሩ ልንገር። ዓርብ ማታ በፉትቦል ጨዋታ መካከል ቡድኖቹ ለዕረፍት ሲወጡ፣ መቶ፣ ሁለት መቶ፣ አንዳንድ ቦታም ከዚያ የሚበልጡ ተማሪዎች ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ሜዳውን ይሞሉታል። እየነፉና ከበሮ እየመቱ፣ በአንድ እርምጃ እየተራመዱ ሜዳው ላይ ልዩ ልዩ ቅርጽ ይሠራሉ። ልምምዱ የሚጀምረው ትምህርት ከመከፈቱ በፊት፣ በዚያ በኦገስት ሙቀት፣ አስፋልት ላይ ነው። ትምህርት ከተከፈተ በኋላ ከክፍል ሰዓት ውጭ የሚደረገው ልምምድ በሳምንት ከ8 ሰዓት እንዳይበልጥ የቴክሳስ ትምህርት ቤቶችን ውድድር የሚያስተዳድረው ዩ.አይ.ኤል. ደንግጓል። የዓርቡ ጨዋታና የቅዳሜው ውድድር ግን ከዚያ በላይ ነው። እሑድ ጠዋት በአምልኮ ሰዓት የሚያንቀላፋ ልጅ ካያችሁ፣ ከመገሠጻችሁ በፊት ትላንት ማታ ስንት ሰዓት ከአውቶቡስ እንደወረደ ጠይቁት።

እወድደው ነበር። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርሁ የቀረው ሁሉ ሐሰት ይሆናል። ከአገር ቤት ስንመጣ የ11 ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ እንግሊዝኛዬ ይሰባበራል፣ ምሳ የምበላው ብቻዬን ነው። ባንድ ውስጥ ስገባ የምቆምባት ነጥብ ተሰጠችኝ። ሜዳው ላይ የእኔ የተባለች አንዲት ነጥብ አለች፤ እኔ ካልቆምሁባት መስመሩ ይጎድላል። አንዳንድ ታላላቆቻችን ነገሩን ዓለማዊ ነው ይሉት ነበር፤ የቅዳሜ የመዘምራን ልምምድ ስለሚያስቀርብን ቅሬታቸው መሠረት አልነበረውም አልልም። ነገር ግን እግዚአብሔር ለብቸኛ ልጅ የሚቆምበት ቦታ ሊሰጠው ቢወድድ፣ የፉትቦል ሜዳም ቢሆን አይከለከልም ብዬ አምናለሁ።

ዋጋው መጣ። የባንድ ክፍያ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እጅግ ይለያያል፤ በጥቂት ዶላር የሚያልፍበት አለ፣ ከ1,000 ዶላር የሚያልፍበትም አለ። የእኛ ለዓመቱ 750 ዶላር ነበር። በዚያ ላይ ነጭ ጓንት፣ ጥቁር ጫማ፣ ከዩኒፎርሙ ስር የሚለበስ፣ ለጉዞ የምግብ ገንዘብ አለ። ቱባን የመሰሉት ግዙፍ መሣሪያዎች ብዙውን ጊዜ የትምህርት ቤቱ ናቸው፤ ትራምፔት የመሰለውን ትንሹን ግን ቤተሰብ ይገዛል ወይም ከሙዚቃ ሱቅ በወር ይከራያል። እኛ ተከራየን።

አባቴ ወረቀቱን አይቶ፣ «ባንድ እኮ መንግሥት ነው የሚያቆመው» አለ። አልፈረድሁበትም። በእርሱ አእምሮ ውስጥ የማርሽ ባንድ ማለት የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ነው። በአገራችን ታሪክ ስማቸው በሰፊው የሚነሣው አርባ ልጆችም እንዲሁ ነበሩ። ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. በኢየሩሳሌም በአርመን ገዳም ያገኟቸውና ወደ አዲስ አበባ ያስመጧቸው፣ ከእልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ አርመናውያን ነበሩ። በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት ለንጉሡ ይነፉ ነበር። የሚከፍልላቸው አባትና እናት አልነበራቸውም፤ ቤተ መንግሥት ከፈለ። እንግዲህ የአባቴ ጥያቄ የስስት አልነበረም። ለልጅ መለከት የሚከፍለው ማን ነው የሚለውን ሰው ሁሉ ባደገበት አገር ልማድ ይመልሰዋል።

እማዬ የምትሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ነው፣ የሌሊት ፈረቃ። አባዬ ታክሲ ይነዳል። ያን ማታ እራት ላይ አባዬ ወረቀቱን አጥፎ ከጨው እቃው ስር አስቀመጠና፣ «እንግዲህ እንዴት እናደርገው ይሆን» አለ። ለማንም አልነበረም የተናገረው። ተነፈሰ እንጂ።

ታላቅ እህቴ ሰማችው። በዚያን ጊዜ 19 ዓመቷ ነው፤ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ለነርስነት የሚያዘጋጁትን ትምህርቶች ጀምራለች፣ ሱፐርማርኬት ውስጥም በትርፍ ሰዓቷ ገንዘብ ተቀባይ ናት። በማግሥቱ ማንም የማይፈልገውን የዓርብና የቅዳሜ ማታ ፈረቃ ጠየቀች። የኬሚስትሪውን ትምህርት ለቀቀች። እነዚህን ሁለት ነገሮች እኔ አላገናኘኋቸውም። ኬሚስትሪ ከብዷት ይሆናል ብዬ አሰብሁ፤ እንዲያውም አንድ ቀን ቀልጄባታለሁ።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ በየቤታችን ያለ ነው፤ ለእናንተ ለመጻፍ አያደርስም። ወደዚህ ጽሑፍ ያመጣኝ ሌላ ወረቀት ነው። የባንዱ መምህር የክፍያውን ወረቀት በሰጠን ቀን ከበስተኋላው ሁለተኛ ወረቀት ተያይዞ ነበር፤ መክፈል የማይችል ቤተሰብ ሞልቶ የሚመልሰው፣ ከክፍያ ነጻ የሚያደርግ ፎርም። መምህሩ የሰጠን በመልካም ልብ ነው፣ ሕጉም ያዘዋል። የቴክሳስ የትምህርት ሕግ ትምህርት ቤቶች ለመሣሪያና ለዩኒፎርም ከዓመት የጥገና ወጪያቸው ያልበለጠ ክፍያ እንዲጠይቁ ይፈቅዳል፣ መክፈል ለማይችል ግን ክፍያው የሚነሣበትን መንገድ እንዲያዘጋጁ ያስገድዳል። ፎርሙ መመለስ የነበረበት ለትራምፔት ክፍሉ አለቃ ነበር፤ እርሱም የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። እኔ የምፈልገው ያ ልጅ ስለ እኔ ጥሩ እንዲያስብ ነው። ስለዚህ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ፎርሙን ከክፍያው ወረቀት ገነጠልሁትና በትራምፔቱ ሣጥን ሽፋን ኪስ ውስጥ፣ ከዘይቱና ከማጽጃ ጨርቁ በታች ከተትሁት። ለአባዬ ያደረስሁለት የመጀመሪያውን ወረቀት ብቻ ነው።

ብዙ ዘመን ለራሴ የነገርሁት እንዲህ እያልሁ ነው፦ እህቴ እንደምትከፍል አላወቅሁም፤ ባላወቅሁት ነገር ደግሞ ልጠየቅ አይገባኝም። ሰው ባላወቀው እንደማይጠየቅ በመጠኑ እውነት ነው። ነገር ግን ሁለት ዓይነት አለማወቅ አለ። አንደኛው ሊታወቅ የማይችለውን አለማወቅ ነው። ሁለተኛው ግን እንዳላውቅ ብዬ ያልጠየቅሁት ነው፤ ይህኛው አለማወቅ ከመባል ይልቅ መጋረጃ መጎተት ቢባል ይሻላል። ዓርብ ማታ የሌሎቹ ልጆች እኅትና ወንድም ከአጥሩ አጠገብ ቆመው ሲጮኹ፣ የእኔ እህት አንድም ቀን አልመጣችም። ለምን እንዳልመጣች አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ሁሉ ይገለጥልኝ ነበር። ያን ጥያቄ ሁለት ዓመት ሙሉ አልጠየቅሁም።

አንድ ወንድም ይህን ሳጫውተው እንዲህ ሲል ተከራከረኝ፦ «እህትህ ወድዳ ነው የሰጠችህ። ፍቅር ደግሞ አይቆጥርም። አሁን ተነሥተህ ደረሰኝ ብታወጣ ስጦታዋን ዕዳ ታደርገዋለህ።» ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ ለብዙ ጊዜም አሳርፎኝ ነበር። ወድዳ መስጠቷን አልጠራጠርም። ነገር ግን ሰው ወድዶ ሰጠ የሚባለው ሌላም መንገድ እንዳለ እያወቀ ይህን ሲመርጥ ነው። ሦስቱ ኃያላን የፍልስጥኤማውያንን ሰፈር አይተውታል፤ አደጋውን ያውቁታል፤ መቅረትም ይችሉ ነበር። እህቴ ግን በፊቷ ያየችው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ወይ እርስዋ ትከፍላለች፣ ወይ ወንድሟ ከባንድ ይወጣል። ሦስተኛው መንገድ ትራምፔቱ ሣጥን ውስጥ፣ ከጨርቁ በታች ነበር። ስለዚህ የወሰድሁባት ገንዘቡን ብቻ አይደለም። ገንዘብ ይመለሳል። የወሰድሁባት መምረጧን ነው። ኬሚስትሪውን ለመተው የወሰነችው እኔ ቆርጬ ባቀበልኋት እውነት ላይ ቆማ ነው።

ይህን ስል ጥፋቱን ሁሉ ወደ ልጅ መጫኔ አይደለም። ወላጆቻችን ላይም የምለው አለኝ፤ በትሕትና እላለሁ፣ ግን እላለሁ። በስደት ባለው ቤታችን የተለመደ አንድ ንግግር አለ፦ «አንተ ብቻ ተማር፤ የገንዘቡን ነገር ለእኛ ተውልን።» ከፍቅር የወጣ ቃል ነው። ልጅ በልጅነቱ እንዳይሸከም ይፈልጋሉ። ነገር ግን የተሸሸገ ሒሳብ የትም አይሄድም። ልጁ ውጤቱ ሲወርድ፣ ወይም ማታ አምሽቶ ሲመጣ፣ ያ ሁሉ ተጠራቅሞ በአንድ ሌሊት ይወጣል፤ «ስንት ለፍቼ፣ ስንት ሌሊት ቆሜ...» ይባላል። በሰላም ቀን በእራት ጠረጴዛ ላይ ያልተነገረ ዋጋ በጠብ ቀን ይነገራል፤ በጠብ ቀን ሲነገር ደግሞ ልጁ ዋጋውን አይሰማም፣ ቁጣውን ብቻ ነው የሚሰማው። ጌታ ግንብ ሊሠራ የሚወድድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሣራውን እንዲቈጥር ሲናገር (ሉቃስ 14፥28) ሰውዬው የሚቈጥረው በሥራው ማለቂያ ላይ አይደለም። የ15 ዓመት ልጅ 750 ዶላር የእናቱ ስንት ሌሊት እንደሆነ ቢነገረው አይሰበርም። እኔ ቢነገረኝ ኖሮ ፎርሙን ከሣጥኑ አወጣው ነበር ብዬ ልምል አልችልም። ቢያንስ ግን በቀልድ ኬሚስትሪን ባላነሣሁ።

ደግሞም ፎርሙን ባደርስላቸው ኖሮ ወላጆቼ ይሞሉት ነበርን? ይህን ጥያቄ በሐቀኝነት ስጠይቅ አልሞሉትም ይሆናል እላለሁ። አባዬ ኩሩ ሰው ነው። እማዬ ደግሞ ቡስተር በሚባለው የወላጆች ማኅበር ሱቅ ቆማ ሆት ዶግ ለመሸጥ ፈረቃዋ ስለማይፈቅድላት ገና ሳትጠየቅ ታፍር ነበር። ይሉኝታ የሚባለው ነገራችን ከድኅነት ይልቅ ብዙ ያስከፍላል። ድኅነት የቻለውን ያህል ይጠይቃል፤ ይሉኝታ ግን ያለህን ጨርሶ ወደ ልጅህ ኪስ ይሄዳል። ወላጆቼ አይተው እንቢ ቢሉ ኖሮ ግን እንቢታው የእነርሱ ይሆን ነበር፤ እህቴም የምትከፍለው ምን መሆኑን አውቃ ትከፍል ነበር።

ስለዚሁ ስለ ኀፍረት በካሊፎርኒያ አንድ የታወቀ ፍርድ አለ። በሳንታ ባርባራ የሃይስኩል ወረዳው በጀቱ ሲጎድል ለስፖርት፣ ለድራማ፣ ለመዘምራን፣ ለባንድ ከየተማሪው 25 ዶላር መጠየቅ ጀመረ፤ ለተቸገሩም ነጻ የመሆን ፎርም አዘጋጀ። አንዲት እናት ከሰሰች። ሃርትዜል እና ኮኔል በሚባለው በዚህ ክርክር የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 ክፍያው የግዛቲቱን ሕገ መንግሥት ይጻረራል ብሎ ፈረደ። ለእኔ ትልቁ ነገር ስለ ፎርሙ የተባለው ነው፦ ለድሃ መተዉ ክፍያውን ሕጋዊ አያደርገውም፤ ነጻ ትምህርት የሁሉ ልጅ መብት እንጂ ድሃ መሆኑን ላስመሰከረ የሚሰጥ ምጽዋት አይደለምና። ፍርዱን ሳነብ ያ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ትዝ አለኝ። ጥፋቴን አያነሣልኝም። ግን የ15 ዓመት ልጅ የቤቱን ድኅነት ለ18 ዓመት ልጅ አስረክብ መባሉ ራሱ ትክክል እንዳልነበረ ነገረኝ።

እርግጥ ፍርድ ቤቱ ትራምፔት በነጻ እንዲበቅል አላደረገም። ነጻ ማለት ሌላ ሰው ከፈለ ማለት ነው፤ ግብር ከፋዩ፣ ኬክ የሚሸጡት እናቶች፣ ቤተ መንግሥቱ። ያለ ዋጋ የመጣ ውኃ የለም።

ወደ ቤታችንም ልምጣ። የወጣቶች ጉባኤ ሲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ የምዝገባው ዋጋ ይለጠፋል፤ ከስሩ «መክፈል የማትችሉ መሪዎቹን በግል አነጋግሩ» ይላል። እኔ ራሴ ጽፌዋለሁ፣ ሦስት ዓመት በተከታታይ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት በግል ያነጋገረኝ አንድም ልጅ የለም። የሚቀሩት ልጆች ግን ነበሩ፤ «ሥራ አለብኝ» ይሉኝ ነበር፣ እኔም አምናቸው ነበር። ባለፈው ዓመት ምዝገባውን አንሥተን ወጪውን ለምእመናን በግልጽ አቀረብን፤ ስንት እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ፣ በቁጥር። ሰዎች ሰጡ። ልጆቹም የሰጡት እነማን እንደሆኑ ተነገራቸው፤ በስም ሳይሆን በሥራ፦ ታክሲ የሚነዱ፣ አረጋውያን የሚያጥቡ፣ ሌሊት መጋዘን የሚያድሩ። አንዳንድ መሪዎች ልጆቹን ማሳቀቅ ነው ብለው ነበር። እኔ አይመስለኝም። የሚያሳቅቀው ድሃ ማን እንደሆነ መግለጥ ነው እንጂ የሰጪው እጅ ምን እንደሚመስል መንገር አይደለም።

ዳዊት ውኃውን ለምን እንዳፈሰሰው አሁን የገባኝ ይመስለኛል። ሰዎቹን መናቁ አልነበረም። እኔ በአንድ ትንፋሽ የተመኘሁት ነገር ይህን ያህል ዋጋ ካለው፣ ለጉሮሮዬ አይገባም ማለቱ ነው። ዳግመኛም ዳዊት ያን ቀን አንድ ነገር ተምሯል ብዬ እገምታለሁ፤ የሚወደድ ሰው ምኞት ትእዛዝ ነው። በስደት ቤት ውስጥ ያለ ልጅ ዘውድ ባይጭንም እንደዚያ ንጉሥ ነው። በመኪናው የኋላ ወንበር ተቀምጦ «ሁሉም ልጆች ይሄዳሉ እኮ» ሲል፣ ፊት የተቀመጡት ሰዎች ሰይፋቸውን ይታጠቃሉ።

ታዲያ ልጁ አይመኝ? ትራምፔቱን ይመልስ? እንዲህ የሚል መደምደሚያ ሞክሬ ነበር፤ 12ኛ ክፍል ስደርስ በሌላ ምክንያት ከአባዬ ጋር ተጣልቼ «እተወዋለሁ» ብዬ ነበር። እማዬ ጫማዋን እያወለቀች ከሌሊት ሥራ መግባቷ ነው፤ ቀና ሳትል፣ «የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ነፍተህ ጨርስ» አለችኝ። ልክ ነበረች። ዳዊት ያፈሰሰው ወደ ጌታ ነው፤ እኔ ላፈስ የነበረው በእልህ ነው። በእልህ የፈሰሰ ውኃ ሦስቱን ሰዎች ሁለት ጊዜ ይገድላቸዋል።

እውነቱን ያወቅሁት እህቴ በነርስነት በተመረቀች ቀን ነው። ቤታችን በሰው ተሞልቶ፣ እማዬ ለአንዲት ወዳጇ ቡና እየቀዳች፣ «ያኔ ለወንድሟ ብላ ባትቆም ኖሮ እኮ አምና ነበር የምትጨርሰው» አለች። በሰላም ቀን ነው የተናገረችው፣ በኩራት ጭምር። እኔ ግን ስኒዬን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ለእህቴ ስለ ፎርሙ የነገርኋት ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ዘግይቼ ነው። ገንዘቡን በፖስታ ይዤ ሄድሁ። ወጥ ቤቷ ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ሁሉን ነገርኋት፤ ሣጥኑን፣ ጨርቁን፣ የክፍሉን አለቃ። ቢላዋዋን አላስቀመጠችም። ብዙ ዝም አለች፤ ዝምታው ይቅርታ እንዳይመስላችሁ፣ ተቆጥታ ነበር። «ኬሚስትሪ እኮ እወድ ነበር» አለች በመጨረሻ። ሌላ ነገር አልጨመረችም፣ እኔም የምለው አልነበረኝም። ፖስታውን ሳትከፍት ማቀዝቀዣው ላይ አስቀመጠችው።

ከሳምንታት በኋላ ደወለችልኝና ትራምፔቱ አሁንም አለህ ወይ አለችኝ። ኪራዩ ሲያልቅ የእኛ ሆኖ ቀርቶ ነበር፤ አለ አልኋት። ይዘኸው ና አለች። «ሁለት ዓመት ከፍዬበት አንድ ቀን እንኳ አልሰማሁትም።» ከንፈሬ ልምዱን ትቶታል፣ ቁልፎቹም ዘይት ይፈልጉ ነበር። ሶፋው ላይ ልጇን አቅፋ ተቀመጠች። ቆሜ የመጀመሪያውን ዜማ ጀመርሁ፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ድምፁ ተሰነጠቀ፣ ሕፃኑም አለቀሰ። እህቴ ልጁን ወደ ትከሻዋ አዛወረችና፣ «ቀጥል» አለችኝ።